«ታግዷል» ሲል አትደንግጡ፣ «ልፍቀድለት?» ሲል ግን ቆም በሉ

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለትንንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ደረሰኝ ይልኩልኛል፣ እመዘግባለሁ፣ ለግብር ጊዜ አዘጋጅላቸዋለሁ። የሰው ገቢና ወጪ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሁሉ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ያ ላፕቶፕ ተጠልፎ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። ከዚያ ወዲህ ግን ጓደኞቼ ስክሪናቸው ላይ የመጣችውን ማስጠንቀቂያ ፎቶ እያነሱ «ይቺ ምንድን ናት? የቱን ልጫን?» ብለው ይልኩልኛል። ለሁሉም በየተራ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቤታችን ዋይፋይ ከገባ በኋላ ነው። ሙሉ ጥበቃ ይሰጣል የተባለ አንቲቫይረስ ጫንን። የራሱ ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣውንና የሚወጣውን ግንኙነት የሚቆጣጠር ክፍል፣ ነበረው። ከዚያ ጀምሮ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ቀይ ሳጥን ብቅ ማለት ጀመረ። «የፖርት ስካን ጥቃት ታግዷል» ይላል (ፖርት ማለት የኮምፒውተሩ የግንኙነት በር ነው፣ ስካን ማለት ደግሞ የቱ በር እንደተከፈተ መፈተሽ)፤ ከሥሩ 192.168.1.1 የሚል ቁጥር አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ባለቤቴ «ሰው እየገባብን ነው» ብሎ ሮጦ ራውተሩን ከሶኬት ይነቅላል። እናቴ «እኛን ምን አለን ብሎ ነው የሚፈልገን?» ትላለች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ያገኘሁት ግን በጣም ቆይቶ ነው።

ጭንቀቱ ሲበዛ ላፕቶፑን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ፎርማት አደረገውና ዊንዶውሱን በክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዙ እንደተገዛ በሚያስመስል ሕገ ወጥ ፕሮግራም፣ አክቲቬት አደረገልኝ። ክራኩ እንዲሠራለት አንቲቫይረሱንም ፋየርዎሉንም አጠፋ። አፕዴቱንም «ፓኬጅ ይበላብሻል» ብሎ ዘጋው። «ከእንግዲህ አይጨቀጭቅሽም» አለኝ። እውነትም አልጨቀጨቀኝም። ቀይ ሳጥኑ ጠፋ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እፎይ አለ።

የጎዳን ያ ዝምታ ነው። ማስጠንቀቂያ የለም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። የሚያየውና የሚነግራችሁ ፕሮግራም ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተራችሁ ከጥገና ከተመለሰ በኋላ በድንገት ዝም ካለ፣ ደስ ከማለታችሁ በፊት «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ከፍታችሁ ፋየርዎሉ መብራቱን እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ደንበኛዬ ደወሉ። ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? የላክሁልሽ ደረሰሽ?» አሉኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

በእኔ ቴሌግራም፣ በእኔ ስምና ፎቶ፣ «ድንገት ችግር ገጥሞኝ ነው፣ እስከ ማታ ያበድሩኝ» የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። የድሮ ጽሑፎቻችንን አንብበው ነው መሰለኝ «ጋሼ» ማለቴን ሳይቀር አስመስለውታል። እሳቸው ደግሞ ሳያመነቱ ልከዋል። ስልኩን ይዤ ቃል አጣሁ። መልእክቱ ለሌሎችም ደንበኞቼ ሄዷል። እኔ ጋ ግን ምንም አይታይም፤ ላኪው ከእኔ በኩል እያጠፋው ነበር።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይማራል። «አብሽሪ አክስቴ» አለኝ መጀመሪያ። ቀጥሎ የነገረኝን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አላቅቂ። በላፕቶፑ ምንም ፓስወርድ እንዳትቀይሪ፣ የምትጽፊውን ሁሉ ሌባው ያያል። ስልክሽን ያዢ። በስልክሽ ቴሌግራም ሴቲንግ ግቢ፣ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺ፣ ከስልክሽ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጪ።

ዝርዝሩን ስከፍት የእኔ ስልክ አለ፣ የእኔ ላፕቶፕ አለ፣ ከሥራቸው ደግሞ የማላውቀው ኮምፒውተር ተቀምጧል። ላፕቶፔንም እሱንም አስወጣሁ። ወዲያው የኢሜይሌን ፓስወርድ በስልኬ ቀየርኩ፣ በኢሜይሉም በቴሌግራሙም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራሁ። ባንኬ ደወልኩ። ከዚያ ደንበኞቼን በየተራ በስልክ አነጋገርኳቸው። በጽሑፍ አልላክሁም፤ የዚያን ቀን የእኔን ጽሑፍ ማን ያምናል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቴሌግራሜ የተወሰደው በስልኬ በኩል አይደለም፣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አልሰጠሁም። ላፕቶፕ ላይ ቴሌግራም ሁልጊዜ ተከፍቶ ሲውል «ይህ ሰው ገብቷል» የሚለው መረጃ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። መረጃ የሚሰርቁ ቫይረሶች ያንን ፋይል ገልብጠው ይወስዳሉ። ከዚያ ኮድም ፓስወርድም ሳይጠየቁ ይገባሉ። ብሮውዘር ላይ ሴቭ ያደረጋችኋቸው ፓስወርዶችም እንደዚሁ ይወሰዳሉ። በኮምፒውተር ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ሎካል ፓስኮድ» የሚለውን አብሩት። ፋይሉ ቢሰረቅ እንኳ ያለ ፓስኮዱ በቀላሉ አይከፈትም።

በዚያው ቀን ላፕቶፑን ይዤ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የእህቴ ልጅ ከፍቶ ሲያየው ፋየርዎሉ ለቤት ኔትወርክም ለሕዝብ ኔትወርክም ጠፍቷል። የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ የገባ ነገር አይፈተሽም። የእኔ ላይ ሲ ድራይቭ ባጠቃላይ እዚያ ገብቷል። አንቲቫይረሱ ቢበራም እንኳ ዋናውን ቤት እንዳያይ ተደርጓል ማለት ነው። ክራክ የተጫነበት ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ይህን ቦታ ከፍታችሁ እዩት። እናንተ ያላስገባችሁት ነገር ካለ አውጡት።

ፋየርዎሉን አበራና ላፕቶፑን እንደገና አስነሳው። ለሙከራ ለአፍታ ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ወዲያው አንዲት መስኮት መጣች። ቀይ አይደለችም፣ ድምፅ የላትም። ፋየርዎሉ የዚህን ፕሮግራም አንዳንድ ሥራዎች አግዷል፣ ልፍቀድለት ወይ ነው የምትለው። የፕሮግራሙ ስም «ኤስቪሲሆስት» ይላል። እኔ ስሙን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ነው፣ ዊንዶውስ ባለው በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አለ።

«ስሙን ተይው» አለኝ። «ሠሪው ማነው ይላል? የተቀመጠውስ የት ነው?»

ሠሪው «ያልታወቀ» ይላል። የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ በእኔ ስም ያለው ፎልደር ውስጥ፣ «አፕዳታ» የሚባለው ሥር ነው። ትክክለኛው ኤስቪሲሆስት የሚቀመጠው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም 32 የሚባለው ውስጥ ነው። ሠሪውም ማይክሮሶፍት ነው። ይሄኛው ስም ተውሶ የገባ ሌባ ነበር። «ካንስል» አለው፣ ኢንተርኔቱን አቋረጠ።

ለወራት ያስደነገጡን ቀይ ሳጥኖች ምንም አልነበሩም። ዋናዋ ማስጠንቀቂያ ይቺ ነበረች፤ ፋየርዎሉ ጠፍቶ ስለነበር ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አታውቅም።

አሁን ስለ ማስጠንቀቂያዎቹ ልንገራችሁ። ፋየርዎል የግቢ ዘበኛ ነው። አንዳንዴ «እከሌ መጥቶ ነበር፣ መለስኩት» ብሎ ይነግራችኋል። አንዳንዴ ደግሞ «ይሄ ሰው በሩ ይከፈትልኝ ይላል፣ ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የመጀመሪያው ወሬ ነው፣ ሥራው አልቋል። ሁለተኛው የእናንተን መልስ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓይነት ለምን እንደሚበዛ ካወቃችሁ ፍርሃቱ ይቀላችኋል። ኢንተርኔት ላይ ያለ አድራሻ ሁሉ ቀንና ሌሊት ይንኳኳል። የሚያንኳኩት ሰዎች ሳይሆኑ ፕሮግራሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ አውጥተው ነበር፤ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻ (እንደ 192.168.1.1 በአራት ቁጥር የሚጻፈውን የኢንተርኔት አድራሻ) በሙሉ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማዳረስ እንደሚቻል አሳዩ። የእናቴ ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ማንም እኛን ብሎ አልመጣም። ሁሉንም ያንኳኳል፣ የተከፈተ ያገኘበት ይገባል። «ታግዷል» ካለ እናንተ ጋ ተዘግቶ አግኝቶታል፤ ሥራችሁን ቀጥሉ።

ቁጥሩንም ማንበብ ልመዱ። በ192.168 ወይም በ10 (ከ10 ቀጥሎ ነጥብ ያለው) የሚጀምር አድራሻ ከውጭ የመጣ አይደለም፣ በራሳችሁ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ስልክ፣ ቲቪ፣ ፕሪንተር ሊሆን ይችላል። እኛን ያስጨነቀን 192.168.1.1 የራሳችን ራውተር ነበር! ራውተር ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያደርገው የተለመደ ግንኙነት ምክንያት አንዳንድ ፋየርዎሎች «ጥቃት» ብለው በስህተት ይመዘግቡታል። ባለቤቴ ከሶኬት ሲነቅለው «አጥቂው» በእርግጥም ዝም ይል ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች የሚመጣውን ዕቃ ግን የማታውቁት ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ማን እንደተገናኘ እዩ።

ጥያቄ ያላት መስኮት ስትመጣ ደግሞ ሦስቱን አንብቡ፦ ስሙን፣ ሠሪውን፣ የተቀመጠበትን ቦታ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህን ፕሮግራም አሁን የከፈትኩት እኔ ነኝ? ዙም ከፍታችሁ ዙም ቢጠይቅ ምክንያቱ ይገባል። ምንም ሳትከፍቱ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ነገር ከጠየቀ «ካንስል» በሉት። ካንስል ማለት ብዙ ጊዜ ምንም አያበላሽም። ፕሮግራሙ በአብዛኛው ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚከለከለው ከውጭ ወደ እሱ የሚመጣው ግንኙነት ነው። የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ከፋየርዎሉ ሴቲንግ መፍቀድ ትችላላችሁ። አንዴ ፈቅዶ ከመርሳት፣ ከልክሎ ኋላ መክፈት ይሻላል። በፒያሳ ካፌ ወይም በሆቴል ዋይፋይ ስትገናኙ ደግሞ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» በሉት። «ፕራይቬት» የሚለው ለቤታችሁ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የዊንዶውስ ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣውን ነው በዋናነት የሚከለክለው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን እንዲሁ ያሳልፋል። ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ የጫናችሁት ክራክ መረጃችሁን ይዞ ሲወጣ አያስቆመውም። ፋየርዎል በርቷል ብሎ የማንንም ፋይል መክፈት አይሆንም።

ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ይሄኛው እናቴን አስለቅሷታል። መዝሙር ልትፈልግ ከፍታ እያለ ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ። ጩኸት ያሰማል፣ «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። የማይክሮሶፍት ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይጽፍም። ስልክ ቁጥር ካያችሁ ማጭበርበር ነው፣ አለቀ። ያ ስክሪን ተራ ድረ ገጽ ነው። ኢስኬፕ የሚለውን ተጭናችሁ ያዙ፤ ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ ብሮውዘሩን መርጣችሁ «ኤንድ ታስክ» ብላችሁ ዝጉት። በጥግ በኩል የሚመጡ «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚሉም አሉ። ሳጥኑ ላይ የክሮም ስም ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ካለ ከአንቲቫይረስ አይደለም የመጣው። አንድ ቀን «ኖቲፊኬሽን ልላክልዎት?» ሲባል «አላው» የተባለለት ድረ ገጽ ነው። ከብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አንሱት፣ ይጠፋል።

ወደ ላፕቶፔ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ሰነዶቼንና ፎቶዎቼን ብቻ ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ገለበጠ፣ ፕሮግራም የሚባል አንድም አላወጣም። ከዚያ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ በአዲስ ጫነው። ሲያልቅ አክቲቬሽኑን አሳየኝ። ያለ ምንም ክራክ «አክቲቬትድ» ይላል። ለካ ላፕቶፑ ከነሕጋዊ ዊንዶውሱ ነው የተገዛው፤ ቁልፉ እዚያው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያረጋግጣል። ያ ሁሉ መከራ የመጣው ባላስፈለገ ክራክ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የተሸጠ ላፕቶፕ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ ናችሁ። ጥገና ቤት ስትሰጡ «ከራሱ ቁልፍ ጋር የሚሄደውን ዓይነት ጫንልኝ፣ ክራክ አልፈልግም» በሉ። ስትረከቡ ደግሞ እዚያው ቆማችሁ ፋየርዎልና አንቲቫይረስ መብራታቸውን፣ አፕዴት አለመዘጋቱን እዩ።

የአፕዴት ነገር የፓኬጅ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ብር ቆጥሬ ነው የምገዛው። ግን ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ መከላከያው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር። ማንም ምንም ሳይጫን፣ አፕዴት ካልተደረገለት አንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ አፕዴት ያልተደረገለት በ445 ቁጥር ፖርት በኩል እየተሻገረ ነው የተዛመተው። እኔ አሁን የሌሊት ጥቅል ገዝቼ አፕዴቱን ለቅቄው እተኛለሁ። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን እወቁ። ኮምፒውተራችሁ የሚችል ከሆነ ወደ 11 አሳድጉት።

ፍላሽ። ሰኞ ገበያ ዙሪያም ሆነ ሌላ ቦታ ፕሪንት ለማድረግ ሰጥታችሁ የተመለሰ ፍላሽ ሳትፈትሹ አትክፈቱ። ፎልደሮቻችሁ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ይዘው ካገኛችኋቸው ፎልደር አይደሉም፤ ሁለቴ ስትጫኑት ቫይረሱ ነው የሚነሳው። ፋይላችሁ አልጠፋም፣ ተደብቋል። በቀኝ ክሊክ «ስካን» በሉት። እኔ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ለይቻለሁ።

ራውተራችሁንም አትርሱት። መግቢያው ላይ «አድሚን» «አድሚን» እንደተባለ የቀረ ብዙ ቤት አለ። ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚያስችለውን «ሪሞት ማኔጅመንት» ዝጉ፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በአጭር ኮድ ከዋይፋዩ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ አጥፉ። የዋይፋይ ፓስወርድ ስልክ ቁጥራችሁ አይሁን።

የሥራ ሰነድ ያላችሁ ሰዎች ባክአፑን ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሀርድ ዲስኩን ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ኮምፒውተሩ በቫይረስ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል። እኔ ዓርብ ማታ እሰካለሁ፣ ገልብጬ ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የጋሼን ገንዘብ እኔ ከፈልኳቸው። «አልቀበልም፣ አንቺም ተሰርቀሻል» ብለው ነበር፣ በግድ ነው የሰጠኋቸው። አብረን ሄደን ለፖሊስ አመለከትን። የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፣ ስለዚህ «ኢንተርኔት ላይ የሆነ ነገር ነው» ብላችሁ አትተዉት። መረጃ ግን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ጋ መልእክቱ ጠፍቶ ነበር፣ የጠቀመን ጋሼ ስልክ ላይ የቀረው ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መልእክት ከደረሳችሁ ሳታጠፉ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የላኪው ስምና ብሩ የገባበት ሒሳብ ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ወዲያውም ለባንካችሁ ደውሉ፤ ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ከደረሳችሁ የመታገድ ዕድል አለው።